የግል ዕጩ ስንት ሰው ያስፈልገዋል?

ጥያቄው፦ «ጋሼ፣ እኔ አዋላጅ ነርስ ነኝ። በአንድ ወረዳ 12 ዓመት ሠርቻለሁ። የአካባቢው ሰው ለፓርላማ ተወዳደሪልን ይለኛል። ፓርቲ ውስጥ መግባት ግን አልፈልግም። ያለ ፓርቲ ብወዳደር ዋጋ አለው? ብመረጥስ ብቻዬን እዚያ ገብቼ ምን እሠራለሁ?»

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። እኔ የምርጫ ሕግ ሳስተምርና ታዛቢ ሳሠለጥን ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። የግል ዕጩዎችን በቅርብ አይቻለሁ። ያሸነፉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ የተሸነፉት ብዙ ናቸው። የማውቀውን ሳልደብቅ ልንገርሽ።

ከሕጉ እንጀምር፣ እሱ አጭር ነው። መወዳደር ትችያለሽ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 38 የመምረጥና የመመረጥ መብትን የሰጠው ለዜጋ ነው። የፓርቲ አባል ሁኚ አይልም። ዕድሜሽ 21 ከሞላ፣ ስለ ነዋሪነትና ስለ ቋንቋ የተጻፈውን ካሟላሽ፣ የድጋፍ ፊርማ ሰብስበሽ ትመዘገቢያለሽ። በሕጋችን «የግል ዕጩ» የሚባለው ይሄ ነው። የፊርማው ነገር ከምርጫ ምርጫ ሲቀያየር አይተናል። ስለዚህ የድሮ ወረቀት ይዘሽ እንዳትሮጪ። ምርጫ ቦርድ ለዚያ ምርጫ ያወጣውን መመሪያ በእጅሽ አስገቢ።

ይህን መብት አቅልለሽ እንዳታዪው። ታንዛኒያ ውስጥ ፓርቲ ያላቀረበው ሰው ዕጩ መሆን አይችልም። ክሪስቶፈር ምቲኪላ የሚባሉ ፓስተርና ፖለቲከኛ ይህን ክልከላ ለማስነሣት በአገራቸው ፍርድ ቤቶች ለዓመታት ተከራከሩ። በመጨረሻ ጉዳዩን ወደ አፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ፍርድ ቤት ወሰዱት። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2013 ክልከላው የአፍሪካን ቻርተር ይጥሳል ብሎ ፈረደላቸው። የሚገርመው ፍርድ ቤቱ የተቀመጠው እዚያው ታንዛኒያ፣ አሩሻ ከተማ ነው። ምቲኪላ እ.ኤ.አ. በ2015 በመኪና አደጋ ሞቱ። እስከዚያ ቀን ድረስ በሩ አልተከፈተላቸውም። አንቺ ግን ይህን ሁሉ ክርክር ሳታልፊበት ትመዘገቢያለሽ።

በኛ አገር እንዲያውም ፓርላማ ከፓርቲ ይቀድማል። ከ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት በኋላ የመጀመሪያው ሕዝባዊ ምርጫ ሲካሄድ ፓርቲ የሚባል ነገር አልነበረም። እስከ ንጉሡ መንግሥት መጨረሻ ድረስ የተወዳደረው ሁሉ በግሉ ነው፤ በስሙ፣ በዘመዱ፣ በመሬቱ። ንብረት የሌለው ሰው ዕጩ መሆን ስለማይችል ያን ጊዜ አልናፍቀውም። ግን ከዚያ ምርጫ አንድ የማልረሳው ስም አለ። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በ1950 ዓ.ም የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ ተመራጭ ሆነው ገቡ። ሰው የመረጣቸው አርማ አይቶ አይደለም። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ያዩትን መከራና እስር ያውቃል። በእቴጌ መነን የልጃገረዶች ትምህርት ቤት የሠሩትን ያውቃል። አንቺም ይዘሽ የምትነሺው እንዲህ ያለ ነገር ነው። 12 ዓመት ሌሊት ተጠርተሽ የሄድሽባቸው ቤቶች አሉሽ።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። በ1997 ምርጫ በግሉ ተወዳድሮ ፌዴራል ፓርላማ የገባው አንድ ሰው ነው፤ የቀድሞው ፕሬዚዳንት ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ፣ ከደምቢ ዶሎ። በ2002 ደግሞ ከ547ቱ መቀመጫ 545ቱን ኢሕአዴግና አጋሮቹ ወሰዱ። ከቀሩት ሁለት አንዱን አዲስ አበባ ላይ «መድረክ» ከተባለው የተቃዋሚ ፓርቲዎች ጥምረት አቶ ግርማ ሰይፉ አገኙ። ሌላውን ካፋ ውስጥ፣ ቦንጋ ላይ በግላቸው የተወዳደሩት ዶክተር አሸብር ወልደጊዮርጊስ አሸነፉ። በ2007 አንድም የግል ተመራጭ አልገባም። በ2013 መጀመሪያ በታወጀው ውጤት 4 የግል ዕጩዎች አሸንፈዋል። ከነሱ አንዱ አዲስ አበባ ላይ የተወዳደረው ዲያቆን ዳንኤል ክብረት ነው።

እነዚህን ሰዎች ጎን ለጎን አስቀምጪያቸው። በፖለቲካ አቋም አንድ አይደሉም። አንድ የሚያደርጋቸው ከምርጫው በፊት ስማቸው መታወቁ ነው። አንዱ ርዕሰ ብሔር ነበሩ። አንዱ የእግር ኳስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ነበሩ። አንዱ በጽሑፉና በስብከቱ የታወቀ ነው። የፓርቲ ዕጩ ስሙ ባይታወቅ አርማው ይታወቅለታል። የግል ዕጩ ግን የሚያየው ሰው ሁሉ «ይሄ ማነው?» ካለ ገና ሳይጀመር አለቀ። አንቺ በወረዳሽ ስም አለሽ። ግን የምርጫ ክልሉ ከወረዳሽ ሊሰፋ ይችላል። ከወንዙ ማዶ ያለው ገበሬስ ያውቅሻል? ይህን ለራስሽ በሐቅ መልሺ።

የምርጫ ሥርዓታችን ለግል ዕጩ አንድ ጥሩ ጎን አለው። አንድ የምርጫ ክልል አንድ ተወካይ ይልካል፤ ብዙ ድምፅ ያገኘ ያልፋል። በቃ። ስለዚህ አገር ምድሩን ማዳረስ የለብሽም፤ አንድ ቦታ ማሸነፍ ይበቃል። እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን ይህ ዕድል የላቸውም። እዚያ መራጩ የሚመርጠው ለመላ አገሪቱ የቀረበ የፓርቲ ዝርዝር ነው። ብቻውን የቆመ ሰው ስሙ የሚጻፍበት ቦታ የለም። የኛ ሥርዓት መጥፎ ጎኑ ደግሞ መራጩን ማስጨነቁ ነው። «እሷን እወዳታለሁ፣ ግን አታሸንፍም፤ ድምፄ ለምን ይባክናል?» የሚል ሰው ታገኛለሽ። ከተፎካካሪው ይልቅ የግል ዕጩን የሚጥለው ይህ ሐሳብ ነው።

አሁን ከሁሉ በላይ ልነግርሽ ወደምፈልገው ነገር ልግባ።

አንድ ጊዜ፣ የምርጫ ቀን፣ ገጠር ውስጥ አንድ ጣቢያ ታዛቢ ሆኜ ዋልኩ። ጣቢያው የትምህርት ቤት ክፍል ነው። የፓርቲዎቹ ወኪሎች ሁለት ሁለት ሆነው መጡ። አንዱ ሲወጣ አንዱ ይቀመጣል። ምሳቸው በሞተር መጣላቸው። የግል ዕጩው ወኪል አንድ ሽማግሌ ናቸው፤ ብቻቸውን። ቆሎ በወረቀት ጠቅልለው ይዘው ነበር። ወደ 11 ሰዓት ገደማ ተነሡ። «ከብቶቹን አስገብቼ ልምጣ፣ ቤት ሰው የለም» አሉኝ። ሲመለሱ ኮሮጆው ተከፍቷል፤ ወረቀቱ በፋኖስ ብርሃን መምህሩ ጠረጴዛ ላይ ይለያል። እሳቸው በመስኮት በኩል ቆመው ያዩ ጀመር። ምልክታቸው በትክክል ያልተደረገ፣ ወደ ጎን የወጣ ጥቂት ወረቀቶች ነበሩ። የፓርቲዎቹ ወኪሎች ለየራሳቸው ወረቀት ተከራከሩ። «ሐሳቡ ግልጽ ነው፣ ይቆጠር» አሉ። ለግል ዕጩው ወረቀት የተከራከረ አልነበረም። ተራ በተራ «ዋጋ የለውም» ወደሚለው ክምር ሄደ። እኔ ታዛቢ ነኝ፤ መናገር አልችልም። ሽማግሌው መስኮቱ ላይ የቆሙበት ሁኔታ እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ።

ከዚያ ወዲህ የግል ዕጩ መሆን የሚፈልግ ሰው ሲመጣ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ስንት ሰው አለህ? ስንት ደጋፊ አላልኩም። ቀኑን ሙሉ የሚቀመጥልህ ስንት ሰው አለህ?

እስቲ አብረን እናስላው። በአገሪቱ ምርጫ ከ40 ሺ በላይ ጣቢያ ይከፈታል። ለ547 የምርጫ ክልል ብናካፍለው ለአንዱ ከ70 በላይ ይደርሳል። ለያንዳንዱ ጣቢያ ሁለት ወኪል ብትዪ ወደ 150 ሰው ነው። አንዱ ከብት ሊያስገባ ሲሄድ ሌላው የሚቀመጥ። ማንበብ የሚችል፣ ፎርሙ ላይ ያለው ቁጥር ከተቆጠረው ጋር መግጠሙን አይቶ የሚፈርም፣ ካልገጠመም አቤቱታውን በጽሑፍ የሚያስገባ። በር ላይ የሚለጠፈውን ውጤት በስልኩ ፎቶ የሚያነሣ። ምሳ የሚያደርስላቸው ሰው ደግሞ ሌላ ነው። ፓርቲ ማለት ግማሹ ይሄ ነው፤ ፕሮግራሙና መፈክሩ ሌላው ግማሽ ነው። አንቺ ፓርቲ አልፈልግም ስትዪ አባልነቱን ትተሽ ሥራውን ግን ራስሽ ላይ እየጫንሽ ነው።

እነዚያ ጥቂት ወረቀቶች ምን ያደርጋሉ እንዳትዪ። አሜሪካ ያሉ ዘመዶችሽ በደንብ የሚያውቋቸው ሴናተር በርኒ ሳንደርስ የፖለቲካ ሕይወታቸው የተቃናው እ.ኤ.አ. በ1981 በርሊንግተን በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ያኔ በግላቸው ተወዳድረው ከንቲባ የሆኑት በ10 ድምፅ ልዩነት ነው። አሥር! አንድ ቤተሰብ ከነጎረቤቱ ማለት ነው።

ፊርማውም ሌላ ፈተና ነው። ድምፅ ምስጢር ነው፤ ፊርማ ግን ምስጢር አይደለም። ገበያ ቀን ጠረጴዛ ዘርግተሽ ስትቀመጪ የሚፈርምልሽ ሰው ስሙንና አድራሻውን በአደባባይ ይጽፋል። ሴቶቹ መጥተው ያቅፉሻል፤ ስለ ልጃቸው ይነግሩሻል፤ እስክሪብቶውን ስትሰጫቸው ግን ዞር ብለው ያያሉ። አትቀየሚያቸው። ነገ ማዳበሪያ የሚጠይቁበት፣ ወረቀት የሚያጽፉበት ቢሮ አለ። ለዚህ የሚረዳው መጀመሪያ የሚፈርሙትን መምረጥ ነው። የዕድር ዳኛው፣ የታወቁት እናት፣ ጡረተኛው መምህር ከላይ ካሉ ሌላው ይከተላል። ከሚያስፈልገው በላይ ሰብስቢ፤ ሲጣራ የሚወድቅ ፊርማ አይጠፋም።

ሰው የሚጠይቅሽ ሌላ ጥያቄም አለ። «ከጀርባሽ ማን አለ?» ይህን በንዴት አትመልሺው። ጥያቄው ምክንያት አለው። ማላዊን ውሰጂ። እ.ኤ.አ. በ2014 በተደረገው ምርጫ 52 የግል ተወዳዳሪዎች ፓርላማ ገቡ፤ ከየትኛውም ፓርቲ ይበልጡ ነበር። ከነሱ ብዙዎቹ ግን በፓርቲያቸው የውስጥ ውድድር የተሸነፉ ሰዎች ነበሩ። ካሸነፉ በኋላ ከገዢው ወገን ጋር የቆሙም አሉ። እንዲህ ያለውን ያየ መራጭ «የግል» የሚለውን ቃል በቀላሉ አያምንም፤ እውነት አለው።

የዶክተር ነጋሶም ታሪክ ይህንኑ ያሳያል። ከፕሬዚዳንትነት የተሰናበተ ሰው ከፓርቲ ፖለቲካ ገለልተኛ መሆን እንዳለበት የሚያዝ አዋጅ ወጥቶ ነበር፤ ቁጥር 255/1994። እሳቸው በ1997 ሲመረጡ ለቀድሞ ፕሬዚዳንት የሚሰጠው ጥቅም ተነሣባቸው። የፓርቲ አባል አይደለሁም፣ የተወዳደርኩት በግሌ ነው ብለው ተከራከሩ። ጥቅሙን ግን አጡ። እኔ ይህን ጉዳይ ሳስተምር ተማሪዎቼ ሁልጊዜ ለሁለት ይከፈላሉ። በግል መወዳደር ከፓርቲ ፖለቲካ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም? የእኔ አቋም አይቆጠርም ነው። ሰውየው ያለ አርማ ሕዝብ ፊት ቆሙ፤ ሕዝቡም መረጣቸው። ግን አየሽ፣ የአገር መሪ የነበረ ሰው እንኳ «በግሌ ነኝ» ማለቱ ብቻውን አልበቃውም። አንቺም ገንዘብሽ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንዳዋጣ ጽፈሽ ለጠየቀሽ ሁሉ አሳዪ።

እሺ፣ አሸነፍሽ እንበል። ብቻሽን ምን ትሠሪያለሽ?

ሕገ መንግሥቱ ለተመራጭ ጥሩ ቦታ ሰጥቶታል። አንቀጽ 54 የምክር ቤቱ አባል ተገዥነቱ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ብቻ ነው ይላል። ይህን አንቀጽ እንደ አንቺ ላለ ሰው የተጻፈ አድርጌ ነው የማነበው። ግን ትንሽ ወረድ ስትዪ አንቀጽ 56ን ታገኚያለሽ። መንግሥት የሚመሠርተው አብላጫ መቀመጫ ያገኘ ፓርቲ ወይም ፓርቲዎች ናቸው። ስለዚህ በጀት የሚያረቀው፣ ሕግ አርቅቆ የሚያመጣው ሌላ ነው። አንቺ የምትይዢው አንድ ድምፅ፣ አንድ ወንበር፣ የተወሰነ የመናገሪያ ደቂቃ ነው።

የአንድ ድምፅ ዋጋ የሚወሰነው በሌሎቹ ቁጥር ነው። አየርላንድ ውስጥ ቶኒ ግሪጎሪ የሚባል መምህር የነበረ ሰው ነበር። ክራቫት አያስርም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1982 ከዱብሊን መሐል፣ ከድሆቹ ሰፈር በግሉ ተመረጠ። ከምርጫው በኋላ ማንም አብላጫ አላገኘም። ቻርልስ ሆሂ ጠቅላይ ሚኒስትር ለመሆን ከሚያስፈልጓቸው ጥቂት ድምፆች አንዱ የግሪጎሪ ሆነ። እሱም ለራሱ ሹመት አልጠየቀም። ለሰፈሩ ቤት፣ ሥራ፣ ትምህርት ቤት ጠየቀ። ስምምነቱን በጽሑፍ አስፈረመ። ከዚያ ፓርላማ ውስጥ አነበበው፤ ቃለ ጉባኤ ውስጥ ገባ። ያ መንግሥት ዓመት ሳይሞላው ወደቀ፤ ከስምምነቱ ብዙው ሳይፈጸም ቀረ። ግን የሰፈሩ ሰው የተጻፈውን አይቷል። ግሪጎሪ እ.ኤ.አ. በ2009 እስኪሞት ድረስ በየምርጫው መረጠው።

አሁን ይህን ከቦንጋ ጋር አስተያዪው። 545 ለ2 በሆነበት ምክር ቤት የአንድ ሰው ድምፅ ሚዛን አያዞርም። እዚያ ግሪጎሪን መሆን አይቻልም። አሁን ያለው ምክር ቤትም ከዱብሊን ይልቅ ወደዚያኛው ይቀርባል። ስለዚህ ለመራጭሽ «መንገድ አስገባለሁ፣ ሆስፒታል አሠራለሁ» ብለሽ ቃል አትግቢ። በእጅሽ ያልሆነ ነገር ነው፤ ሲቀር አንቺን ይከስሻል።

በእጅሽ የሚሆነውን ልንገርሽ። ሚኒስትር ቀርቦ ሪፖርት ሲያሰማ በቁጥር መጠየቅ ትችያለሽ። «በእኔ ምርጫ ክልል ያሉት ጤና ጣቢያዎች ስንቱ ሌሊት መብራት አላቸው? አምቡላንሱ ነዳጅ ያጣው ስንት ቀን ነው?» ይህን የምታውቂው ሪፖርት አንብበሽ አይደለም፤ በሞባይል መብራት አዋልደሻል። ከብዙ መቶ አባላት መሐል እንዲህ የሚጠይቅ ሰው ክብደት አለው። መልሱም ቃለ ጉባኤ ላይ ይቀራል። በቋሚ ኮሚቴም እንዲሁ። ሥራው የሚሠራው አዳራሹ ውስጥ ሳይሆን እዚያ ነውና ጤናን በሚከታተለው ኮሚቴ ውስጥ ለመግባት ታገዪ። ሳንደርስ እንኳ በግላቸው ተመርጠው ከዴሞክራቶቹ ጋር የሚቀመጡት የኮሚቴ ቦታ በወገን በወገን ስለሚከፋፈል ነው። አንቺም በየትኛው ጉዳይ ከማን ጋር ልትሠሪ እንደምትችዪ ከምርጫው በፊት ለመራጭሽ ተናገሪ። ኋላ ሲሰማው ክህደት ይመስለዋል፤ ቀድሞ ከሰማው ግን ስምምነት ነው።

አንድ ምሳሌ ጨምሬ ላብቃ፤ ለአንቺ የሚቀርበው ይሄ ይመስለኛል። አውስትራሊያ ውስጥ ኢንዳይ የሚባል ገጠር የበዛበት የምርጫ ክልል አለ። እዚያ ሰዎቹ መጀመሪያ ዕጩ አልፈለጉም። በየቤቱ፣ በየማዕድ ቤቱ ጠረጴዛ ዙሪያ ጥቂት ጥቂት ሆነው ተቀመጡ። «የሚያሳስበን ምንድነው? ጥሩ ተወካይ ምን ዓይነት ነው?» ተባባሉ። ያሉትን ጻፉት። ከዚያ በኋላ ነው ካቲ ማክጎዋን የተባለችውን ሴት ያቆሙት። እ.ኤ.አ. በ2013 የነበረችውን የፓርቲ ተመራጭ በ439 ድምፅ አሸነፈች። እኔን ይበልጥ የገረመኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። እሷ እ.ኤ.አ. በ2019 ስትለቅ ወንበሩ ወደ ፓርቲ አልተመለሰም። ሄለን ሄይንስ የተባለች ሌላ የግል ዕጩ ያዘችው። የሥራ ልምዷ ምን መሰለሽ? ነርስና አዋላጅ ነበረች።

በኛ አገር ለዚህ የሚሆን ነገር አዲስ መፍጠር የለብንም። ቡና አለ፣ ዕድር አለ፣ ማኅበር አለ። «ተወዳደሪልን» ያሉሽን ሰዎች ቡና አፍልተሽ ጥሪያቸው። እንዲያመሰግኑሽ አይደለም። «ምን እንድጠይቅላችሁ ትፈልጋላችሁ? እናንተስ ምን ትሠራላችሁ?» በያቸው።

ከዚያ ደብተር ግዢ። በግራ በኩል ባለፈው ምርጫ በምርጫ ክልላችሁ የነበሩትን ጣቢያዎች ስም በሙሉ ጻፊ። ከያንዳንዱ ጎን ሁለት መስመር ተዪ። «እኔ እቀመጣለሁ» ያለሽን ሰው ስም ሙዪበት፤ ሳትለምኚው ራሱ ያለሽን ብቻ። ሁለት ወር ያህል ያዢው። ስንቱ መስመር እንደሞላ፣ ስንቱ ባዶ እንደቀረ ጻፊልኝ። ያኔ ቁጥሩን አይቼ መወዳደርሽ ያዋጣል ወይስ አያዋጣም የሚለውን በግልጽ እነግርሻለሁ።